«ለእኔስ ሊሾው ይበቃኛል»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት። ከባለቤቴ ጋር ስድስት ዓመት የለፋንበት ቤት ግድግዳና ጣራው አልቆ አሁን ፊኒሺንግ ላይ ደርሰናል። ሳሎን፣ ሦስት መኝታ፣ ኩሽና፣ ሻወር ቤትና በረንዳ አለው። ወለሉ ለጊዜው ሊሾ ነው።

ዐረብ አገር ያለችው ታናሽ እህቴ ለጥምቀት ትመጣለች። «የወለሉን ነገር ለእኔ ተዉት፤ ቤቱ በሙሉ የሚያብረቀርቀው ፖርሲሊን ይግባበት» ብላ ብር ልካለች። ባለቤቴ ደግሞ «ወለል ወለል ነው፤ ሴራሚክ ይበቃል፣ በተረፈው ሮቶ እንግዛ» ይላል። ውሃ እኛ ሰፈር በፈረቃ ስለሆነ የሱም እውነት ነው። ሱቅ ስሄድ አንዱ ሻጭ «ሁሉም ሴራሚክ ነው፣ አትድከሚ» ይለኛል። ሌላው «ሴራሚክማ በሁለት ዓመት ያልቃል» ይለኛል። አብራን የምትኖረው እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ስጠይቃት «አይ እናንተ፣ ለእኔስ ሊሾው ይበቃኛል» ብላ ዝም አለች። አምና ለማኅበር ሄዳ ዘመድ ቤት ወለሉ አንሸራቷት ወድቃ ነበር።

ባለፈው እሑድ እኔና ባለቤቴ በዚሁ ነገር ተኳርፈን ዋልን። ማንን ላስከፋ? የቱስ ነው የሚሻለው?

ግራ የገባኝ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ግራ የገባሽ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው የእህትሽና የባለቤትሽ ክርክር ነበር የታየኝ። በሁለተኛው ግን እናትሽ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ብዙ ያላወራችው እሷ ናት።

«ለእኔስ ሊሾው ይበቃኛል።» እኔም ከእናቴ አፍ እንዲህ ዓይነቱን ሰምቻለሁ፤ ነገሩ ስለ መነጽር ነበር። እናቶቻችን «ይበቃኛል» ሲሉ ሁልጊዜ በቅቷቸው አይደለም። አንዳንዴ ወጪ ላለማብዛት ነው። አንዳንዴ ፈርተው ነው። ሊሾውን የእናትሽ እግር ለምዶታል። የሚያብረቀርቅ ወለል ሲነሳ ያ የማኅበር ቀን ትዝ ይላት ይሆን? እስኪ «የቱ ይሻልሻል» ማለቱን ተይና ብቻዋን ስትሆን «እማዬ፣ ምኑን ነው የፈራሽው» በያት። የምትመልስልሽ ነገር ግማሹን ክርክር ሊፈታልሽ ይችላል።

ወደ እሷ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ሻጮቹ ያምታቱብሽን ላጥራልሽ። ሁለቱም ግማሽ እውነት ነግረውሻል።

ፖርሲሊን በዘሩ ሴራሚክ ነው። ሁለቱም ከሸክላ አፈር ተጨምቀው ምድጃ ውስጥ የሚጠበሱ ናቸው። ፖርሲሊኑ አፈሩ የደቀቀ ነው፤ በከባድ ግፊት ይጨመቃል፣ ከ1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀትም ይጠበሳል። በዚህ ጊዜ ውስጡ ወደ መስታወትነት ያደላና ቀዳዳው ይደፈናል። ልዩነቱ የሚለካው በሚጠጣው ውሃ ነው። በዓለም አቀፉ መስፈርት ፖርሲሊን የሚባለው የክብደቱን 0.5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ውሃ የሚጠጣው ነው። 8 ኪሎ የሚመዝን አንድ ፖርሲሊን ውሃ ውስጥ ብትዘፈዝፊው ከ40 ግራም በላይ አይጠጣም። ግማሽ ሲኒ ቡና በይው። በተመሳሳይ ክብደት ለግድግዳ የሚሠራው ሴራሚክ ከ10 በመቶ በላይ፣ ማለትም ከ800 ግራም በላይ ሊጠጣ ይችላል። ለወለል የሚሠራው ሴራሚክ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱ መሀል ነው።

ይህንን ሱቅ ውስጥ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግሽም። ታይሉን ገልብጭና ጀርባው ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጊበት። ሴራሚክ ከሆነ ውሃው ዐይንሽ እያየ ይሰርጋል፤ ቦታው ይጠቁራል። ፖርሲሊን ከሆነ ውሃው እንደ እንባ ቁጭ ይላል፣ በጨርቅ ስትጠርጊው ደረቅ ነው። በምላስ የሚሞክሩም አሉ፤ ሴራሚክ ምላስ ላይ ይጣበቃል። እኔ ሰው ሱቅ ገብቼ ምላሴን አላወጣም፤ ውሃ ይበቃኛል። የጀርባው ቀለምም ይረዳል፤ ቀይ ሸክላ ከሆነ ሴራሚክ ነው። ነጭ ስለሆነ ብቻ ግን ፖርሲሊን ነው ብለሽ አትመኚ፤ ነጭ ሴራሚክም ሞልቷል።

«በሁለት ዓመት ያልቃል» የሚለው ደግሞ ማስፈራሪያ ነው። የሴራሚክ ፊት የሚያልቀው ላዩ ላይ የተቀባው መስታወት መሰል ሽፋን ሲፋቅ ነው። ያ ሽፋን ምን ያህል እንደሚችል የሚነግርሽ ካርቶኑ ወይም የዕቃው ወረቀት ላይ የሚጻፈው «ፒኢአይ» (PEI) የሚባለው ደረጃ ነው፤ ከ0 እስከ 5 ይሄዳል። 0 ለግድግዳ ብቻ ነው። ለመኝታ ቤት 2 ወይም 3 ይበቃል። ለሳሎንና ለኮሪደር 3፣ ብትችዪ 4 ፈልጊ። መኝታ ቤት ውስጥ በካልሲና በነጠላ ጫማ ነው የሚኬደው። እዚያ ደህና የወለል ሴራሚክ ልጆችሽ አድገው እስኪወጡ ያገለግልሻል። ስለዚህ ባለቤትሽ «ሴራሚክ ይበቃል» ሲል ለመኝታ ቤቶቹ ልክ ነው።

ለበረንዳውና ለሳሎኑ ግን ከእህትሽ ጋር ነኝ። የአዘዞ ዋልካ ምን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። ክረምት ጫማ ሥር ሊጥ ሆኖ ይገባል፤ ሲደርቅ አቧራ ይሆናል፤ አሸዋም ይዞ ይገባል። ያ አሸዋ ከጫማ ሥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚፍቀው። እንዲህ ዓይነቱን ቦታ ፖርሲሊን ይሻለዋል። አንድ ሻጭ «ውርጭ አይሰነጥቀውም» እያለ ዋጋ ሊጨምርብሽ ቢሞክር ግን ሳቂበት። እውነቱን ነው፣ አይሰነጥቀውም። ውርጭ ግን የደባርቅ ሰዎች ይጨነቁበት።

አሁን ወደሚያብረቀርቀው ነገር ልምጣ፤ የእናትሽ ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፖርሲሊን ሁሉ አያብረቀርቅም። እህትሽ በስልክ ያየችው የተወለወለውን ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። ደረቅ ሲሆን ያምራል፤ ፊትሽ ይታይበታል። እርጥብ ሲሆን ግን በእናትሽ ዕድሜ ላለ ሰው አደጋ ነው። እናንተ ደግሞ ውሃ በፈረቃ የምታገኙ ናችሁ። በር ላይ በርሜል ይኖራል። ጀሪካን ከጓሮ ወደ ኩሽና ይገባል። ከጀሪካን ክዳን የምታፈስ ጠብታ ትኖራለች። ያቺ ጠብታ ሊሾ ላይ ትሰርጋለች፤ የተወለወለ ፖርሲሊን ላይ ግን እንደ ዘይት ቁጭ ብላ ሰው ትጠብቃለች።

ሌላም ነገር አለው። ሲወለወል ላዩ ስለሚፋቅ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ይገለጣሉ። መከላከያ ካልተቀባ የወጥ ዘይትና እርድ፣ የቡናም አተላ ጥላ ሊተውበት ይችላል። እንዲህ ዓይነት ወለል ላይ ቡና ማፍላት ድፍረት ነው። ከሰሉ ከተገለበጠማ ድንገተኛው ሙቀት ሁለቱንም ዓይነት ሊሰነጥቅ ስለሚችል ምድጃው ሥር ትሪ ይግባ።

ስለዚህ ፖርሲሊን ግዢ፤ ግን የማያብረቀርቀውን፣ ማት የሚሉትን። የማንሸራተት ደረጃውንም ጠይቂ፤ «አር» (R) ተብሎ ከ9 እስከ 13 ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠን እግር ይይዛል። ለሳሎን 9 ወይም 10፣ ለኩሽናና ለሻወር ቤት ወለል 10፣ ዝናብ ለሚገባበት በረንዳ 11 ይሁን። በጣም ሻካራውን ደግሞ ለሳሎን አትግዢ፤ ቆሻሻ ይይዛል፣ መወልወያ ይበላብሻል። ለሻወር ቤት ወለል ትንንሹን፣ 30 በ30 ወይም ከዚያ የሚያንሰውን ምረጪ። መጋጠሚያው ስለሚበዛ እግር ይይዛል፤ ውሃው ወደ ማፍሰሻው እንዲወርድ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ማዘንበሉም ይቀላል። የሻወር ቤቱና የኩሽናው ግድግዳ ተራ ሴራሚክ ይሁን። ግድግዳ ላይ ማንም አይራመድም። ሴራሚክ ውሃ መጠጣቱም እዚያ ጥቅም ነው፤ ሲሚንቶውን ይይዛል፣ ቀላል ነው፣ ሲቆረጥም አያስቸግርም።

አየሽ፣ ቤቱ በሙሉ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። የእህትሽም የባለቤትሽም ሐሳብ ቦታ አገኘ። ለሮቶውም የሚተርፍ ነገር ሳይኖር አይቀርም።

ስለ ሮቶው ካነሳን፣ ስለ ባለቤትሽ ልጠይቅሽ። የእህትሽ ብር ሲመጣ አስቀድማችሁ ተነጋግራችሁ ነበር? ወይስ ብሩ ከመጣ በኋላ ነው የሰማው? ሰውየውን አላውቀውም፤ ልሳሳት እችላለሁ። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ብሎኬትና ቆርቆሮ ሲቆጥር የኖረ ሰው፣ እንግዳ የሚያየውን የመጨረሻውን ጌጥ ሌላ ሰው ሲሸፍነው ሆዱ ሊባባ ይችላል። «ወለል ወለል ነው» የሚለው ያንን ሊሆን ይችላል። የሮቶውን ነገር እሱ ይጨርሰው። ማን ይሸጣል፣ የት ይቀመጣል፣ መቆሚያውን ማን ይበይደዋል፣ ይወስን። አንቺ አትግቢበት።

እህትሽ ደግሞ በምን ሥራ ላይ እንዳለች አልነገርሽኝም። ሰው ቤት ከሆነች፣ የሌላ ሰው ወለል ስታብረቀርቅ ነው የኖረችው። የናቷም ቤት እንዲያ እንዲያበራ ብትመኝ አይገርመኝም። ግን እርጥብ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ከሁላችንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። በኢሞ ደውይላት፤ ስለ ዋጋ ሳይሆን ስለ እማዬ መውደቅ ንገሪያት። «አንቺ ስትወለውዪ አንሸራቶሽ አያውቅም?» በያት። ከዚያ ሳሎኑና በረንዳው የእሷ እንደሆነ፣ ቀለሙንም እሷ እንደምትመርጥ ንገሪያት። ማት የሆኑ ሦስት ናሙናዎች ላኪላትና ትምረጥ።

መጀመሪያ የምታናግሪው ግን ባለቤትሽን ነው። እሑድ የተኮራረፋችሁትን ሳትፈቺ ለእህትሽ ከደወልሽ ተመካክራችሁ የጨረሳችሁ ይመስለዋል።

አሁን ደግሞ ብር የሚባክንበትን ነገር ልንገርሽ፤ እኔ ራሴ ስለከፈልኩበት ነው። ቤቴን ስሠራ ለኮሪደሩ ሦስት ካርቶን ጎደለኝ። ከአንድ ሱቅ የመጀመሪያውን ገዝቼ ነበርና ሄጄ «ያንኑ ስጡኝ» አልኩ። ያንኑ ሰጡኝ፤ ስሙም ሥዕሉም አንድ ነው። ተነጥፎ ሲያልቅ መሀሉ ላይ እንደ ተጣፈ ቀሚስ ሆነ። ለካ ካርቶኑ ላይ የምርት ዙር ቁጥርና የቀለም ቁጥር አለ፤ በየዙሩ ቀለሙ ጥቂት ይለያል። እንግዳ አያስተውለውም። እኔ ግን በየጠዋቱ አየዋለሁ።

ስለዚህ የሚያስፈልግሽን አንዴ አስይና አንዴ ግዢ። ሳሎንሽ 4 በ5 ነው እንበል፤ 20 ካሬ ይሆናል። ለሚቆረጠውና ለሚሰበረው 10 በመቶ ስትጨምሪ 22 ካሬ። 60 በ60 ታይል አብዛኛውን ጊዜ በካርቶን አራት ፍሬ ነው፤ 1.44 ካሬ ይሸፍናል። ስለዚህ 16 ካርቶን። በሰያፍ የሚነጠፍ ከሆነ 15 በመቶ ጨምሪ። ከመክፈልሽ በፊት የሁሉንም ካርቶን ቁጥር አመሳስዪ፤ ጥቂቶቹንም ከፍተሽ ጥጋቸውን እዪ። ከአዲስ አበባ የመጣ ከሆነ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ተንገላቶ ነው የደረሰው። ሲያልቅ ቢያንስ አንድ ካርቶን ከአልጋ ሥር አስቀምጪ። ሙቀጫ ወድቆ አንዷን የሰበረ ቀን ያቺን ቀለም የትም አታገኚያትም።

የሚያነጥፍልሽን ሰው ስትመርጪም ፖርሲሊን ነጥፎ እንደሚያውቅ ጠይቂ፤ የነጠፈውን ቤት ሄደሽ እዪ። ሴራሚክ ውሃ ውስጥ ተነክሮ በሲሚንቶና በአሸዋ ሲነጠፍ ይይዛል። ፖርሲሊን ውሃ ስለማይጠጣ ጀርባው ላይ ቦያካ፣ ማለትም በውሃ የቀጠነ ሲሚንቶ፣ ቢፈስበትም በቅጡ አይጣበቅም። በከረጢት የሚሸጠው የታይል ማጣበቂያ ያስፈልገዋል፤ ሲቆረጥም ደህና ዲስክ ይፈልጋል። የእጅ ዋጋው የሚጨምረው ለዚህ ነውና ሒሳብሽ ውስጥ አስገቢው። ነጥፎ ሲጨርስና ሲደርቅ በሳንቲም እያንዳንዱን አንኳኪ። ድፍን ድምፅ ከሰጠ ጥሩ ነው። እንደ ባዶ ጣሳ ከጮኸ ሥሩ አየር ነው፤ ከባድ ነገር የወደቀበት ቀን ይሰበራል፣ ፖርሲሊንም ቢሆን። ይነሳና እንደገና ይነጠፍ። ቀሪውን ክፍያ የምትሰጪው ከዚያ በኋላ ነው።

ሊሾሽንም እዪው። የተሰነጠቀ መስመር አለው? ካለው ስንጥቁ ክረምትና በጋ ይሰፋል ይጠባል? ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል። ስንጥቁ የሚንቀሳቀስ ከሆነ መሐንዲስ ሳያየው ምንም አታንጥፊበት፤ ታይሉ እንደተነጠፈ አብሮ ይሰነጠቃል። ደህና ከሆነ ለስላሳው ላዩ በመዶሻ ይወጋና ይታጠብ፤ ማጣበቂያው የሚይዘው ያኔ ነው። ወለሉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ እንደሚል አትርሺ። ሰዎች ይህንን የሚያስታውሱት በሩ አልዘጋ ሲል ነው። የጣውላ በር ይላጋል። ላሜራ ከሆነ ግን ከማስነጠፍሽ በፊት ብረት ሠሪ ይይልሽ።

ለጥምቀት ሁሉንም ለመጨረስ አትሯሯጪ። ጎንደር በእንግዳ የምትጨናነቅበት ሰሞን ነው፤ ባለሙያው ከሦስት ቤት ቀጠሮ ይዞ የአንቺን በችኮላ ይሠራዋል። እህትሽ የምታየውን ሳሎኑንና በረንዳውን፣ ለእናትሽ ደግሞ ሻወር ቤቱን አስቀድሚ። መኝታ ቤቶቹ ከበዓሉ በኋላ ይደርሳሉ።

በዚህ ሳምንት ይህንን ብቻ አድርጊ። ከባለቤትሽ ጋር ሱቅ ሂዱና አራት ናሙና ይዛችሁ ግቡ፤ አንዱ የሚያብረቀርቀው ይሁን። ሊሾው ላይ ደርድሩት። አንቺ ውሃ ርጪበትና በእጅሽ እያሻሸሽ እዪ። ጥግ ጥጉ ላይ የወጥ ዘይት ጠብ አድርጊና አሳድሪው፤ ጠዋት በሳሙና ጥረጊው። ሲደርቅ እናትሽን ጥሪያት። የምትለብሰውን ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ ክንዷን ይዘሽ፣ በየተራ ትቁምባቸው። የሚያብረቀርቀውን እምቢ ካለች አታስገድጃት፤ መልሱን አገኘሽ ማለት ነው።

የወደደችውን ናሙና ጀርባ ገልብጭና ስሙንና ቁጥሩን በእስክሪብቶ ጻፊው። ሱቅ ስትመለሺ ካርቶኑ ላይ የምታመሳስዪው እሱን ነው።